ለፎቶ የተሰፋ ልብስ በድሬ ሙቀት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በድሬዳዋና በሐረር ስለ ልብስ የምናወራበት መንገድ ተለውጧል። ቀድሞ አንዲት ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ሰርግ ቤት ስትገባ፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት መጀመሪያ የምታደርገው የቀሚሱን ጫፍ ይዛ በጣቶቿ ማሸት ነበር። ስንት ሜትር እንደፈጀና ማን እንደሰፋው የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የሚቀድመው ጥያቄ ከየትኛው የቲክቶክ ወይም የቴሌግራም ገጽ እንደታዘዘ ነው። ልብሱም በስልክ ታይቶ፣ ተወድዶ፣ ተከፍሎበት ያለቀለት ነው፤ ገላ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጨርቁን የዳሰሰ ገዢ የለም።

ሰፊ ሱሪ ይሻላል ወይስ ጠባብ፣ ደማቅ ቀለም ወይስ ደብዛዛ የሚለው ክርክር ለእኔ ሁለተኛ ነገር ነው። እሱ ይመጣል ይሄዳል። ዋናው ነገር የአሁኑ ፋሽን የሚሠራው ለካሜራ መሆኑ ነው። የምሥራቁ አገር አለባበስ ደግሞ የተሠራው ለሙቀት፣ ለመቀመጥና ለመንቀሳቀስ ነበር። ሁለቱ ሲጋጩ ካሜራው እያሸነፈ ነው፤ ላቡን የሚያፈሰው ግን ለባሹ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር ሲደርሱ ከፍታው ከ1,800 ሜትር አልፏል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ልብስ ላይ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ታች ያለው ሰው የሚፈልገው ነፋስ የሚያስገባ ልብስ ነው፤ ላይ ያለው ደግሞ ማታ ማታ የሚደረብ ነገር ያስፈልገዋል።

የምሥራቁ ሴቶች የሚለብሱት ድሪያ ላላስተዋለ ሰው ተራ ስስ ቀሚስ ይመስላል። እኔ ግን በዚህ አገር ከተሰፉ ልብሶች ሁሉ እጅግ በብልሃት የታሰበው እሱ ነው እላለሁ። ቅዱ ቀላል ነው። ሰፊ ጨርቅ ለሁለት ይታጠፋል፣ አንገት ይወጣለታል፣ ጎንና ጎኑ ለእጅ ክፍተት እየተተወ ይሰፋል። የሚያርፈው ትከሻ ላይ ብቻ ስለሆነ ከትከሻ በታች ጨርቁ ገላን አይጫንም፤ በእጅጌው የገባው አየር በሥር ይወጣል። ከውስጥ ጎርጎራ የሚባለው ጉርድ አለ፤ ስሱ ጨርቅ እግር ላይ እንዳይጠመጠም የሚይዘውና ገላንም የሚሸፍነው እሱ ነው። ለባሿ ደረጃ ስትወጣ ወይም ሥራ ስትጀምር የቀሚሱን አንድ ጎን አንሥታ ወገቧ ላይ ትሸጉጠዋለች፤ ሲበርዳት ወይም ስትወጣ ጋርባሳር የሚባለውን ሰፊ ሻሽ ትደርባለች። ወፍራም ሴትም ቀጭን ሴትም፣ ነፍሰ ጡርም፣ አሮጊትም በአንድ ቅድ ይለብሱታል። የወንዶቹ ሽርጥም በዚሁ ሐሳብ የተያዘ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በድሬ ሰፈሮች፣ በመጋላም በከዚራም ሰው ቤቱ ሲገባ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ የሚታጠቀው ባህል ነው ብሎ ብቻ አይደለም፤ ሱሪ ስለሚያቃጥለው ነው።

ሐረር ሌላ አመክንዮ አላት። የሐረሪ ሴት ረጅም ቀሚስ ከሥሩ ወደ ታች ጠበቅ የሚል ሱሪ አለው፤ ገናፊ ይባላል፤ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ሲያጌጥ ጌጡ የሚታየው ስትራመድ ነው። ከራስ ላይ ደግሞ ያገባችው ሴት ጸጉሯን ከጆሮዎቿ ኋላ ሁለት አድርጋ ጠቅልላ ጉፍታ በሚባል የጸጉር መረብ ትይዛለች። አትላስ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ጨርቅ የሚያምረው በጀጎል ጠባብ መንገድ፣ ነጭና አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ፣ ለስለስ ባለ የአየር ጠባይ ነው። ይኼው ጨርቅ በድሬ እኩለ ቀን ያስጨንቃል።

ይህን ስል የውጭ ጨርቅ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ድሬዳዋ ራሷ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ በመድረሱ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ጣቃ ጨርቅ ከባቡር ሲወርድ ያደገች ናት ማለት ይቻላል። ሐረርም ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የሲራራ ነጋዴ መግቢያ ነበረች። የራሷ ሸማኔዎችም ነበሯት። በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የከተማዋን የእጅ ሽመና በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካ ምርት አስበልጦታል። ኋላ የፋብሪካው ጨርቅ በዋጋ ርካሽነቱ ገበያውን ያዘ። ስለዚህ የባሕር ማዶ ጨርቅ መልበስ ለእኛ የትናንት ነገር አይደለም። ያኔ ግን ጨርቁ ከውጭ ቢመጣም ቅዱ የሚወሰነው እዚህ ነበር፤ ነጋዴውም ምን ዓይነት ጨርቅ ለዚህ አገር እንደሚስማማ ያውቅ ነበር። አሁን ጨርቁም፣ ቅዱም፣ ውበት ምን እንደሆነ የሚነግረን ፎቶም አንድ ላይ ታሽጎ ይመጣል።

ፖሊስተር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙው ነገር የተያዘው እዚያ ነው። በ2023 በዓለም ከተመረተው የጨርቅ ክር ውስጥ 57 በመቶ ያህሉ ፖሊስተር ነበር። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ጥጥ ከአየር ውስጥ እርጥበት ወስዶ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ፖሊስተር የሚይዘው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ላብ ሲመጣ ጥጡ ይጠጣዋል፤ ፖሊስተሩ ገላ ላይ ይተወዋል። በአንጻሩ ፖሊስተር አይጨማደድም፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ ከሻንጣ ወጥቶ ሳይተኮስ ፎቶ ይነሣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ለህትመት ይመቻል። በሙቀት ቀለምን ከወረቀት ወደ ጨርቅ የሚያሸጋግረው የህትመት ዘዴ የሚሠራው በፖሊስተር ላይ ነው፤ ንጹሕ ጥጥ ላይ ቀለሙ አይይዝም። አንድ ሰው ያሻውን ምስል በኮምፒውተር ሠርቶ በመቶ ሜትሮች ማተም ይችላል። ሥዕሉ አበባም ይሁን የነብር ቆዳ ወይም የሸማኔ ጥበብ ለማሽኑ ልዩነት የለውም።

የሀበሻ ቀሚስ ገበያን የለወጠው ይኸው ነው። በሽመና የተሠራ ጥበብ ሸማኔው ድርና ማግ መሐል ባለቀለም ክር በእጁ እያስገባ የሚሠራው ነው፤ ሰፋ ያለ ጥለት ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይወስዳል። የታተመው ጥበብ በደቂቃ ይወጣል። በቴሌግራም ፎቶ ላይ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ ገልብጦ ላየ ግን ግልጽ ነው። የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ወይም ነጭ ነው፤ የተሸመነው በሁለቱም ወገን ክሩ ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። ለዚህ ነው ያቺ ሰርግ ቤት የጎረቤቷን ቀሚስ ጫፍ የምታሸው ሴት ትልቅ ነገር ታውቅ ነበር የምለው። እሷ የምትመረምረው ፎቶ ሊያሳይ የማይችለውን ነው።

ጥበብ የታተመበትን ስስ ጨርቅ፣ ሺፎን፣ የገዛችውን ሴት ግን አልወቅስም። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልተራመደም። እህቷ ልትዳር ያለች ልጅ እውነተኛ ፈትል ልግዛ ብትል ከየት ታመጣለች? ቅሬታዬ ከሻጮቹ ጋር ነው፤ የታተመውን የታተመ ነው ብለው ቢሸጡት ገዢዋም ትመርጣለች፣ ሸማኔውም ለዋጋው ምክንያት ይኖረዋል።

እዚህ ላይ ከታላላቆቹ የፋሽን ቤቶች አንድ ነገር ላንሣ። ማትዩ ብላዚ አሁን የሻኔል ዋና ዲዛይነር ነው። ከዚያ በፊት ቦቴጋ ቬኔታን ሲመራ በየካቲት 2022 ባቀረበው የመጀመሪያ ትርኢቱ ተራ ጂንስ የሚመስል ሱሪ አሳይቶ ነበር፤ ሱሪው ግን በጥንቃቄ የተሠራ ስስ ቆዳ ነበር። በሩቅ ለሚያየው የሰፈር ልጅ ጂንስ ነው፤ እውነቱን የሚያውቀው የለበሰውና የነካው ብቻ ነው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ውድ የሆነውን ነገር ለለባሹ ገላ ትቶ ለተመልካች ዓይን ተራውን ሰጥቷል። እኛ ገበያ ላይ ያለው የታተመ ጥበብ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው፤ ለተመልካች ዓይን ውዱን ሰጥቶ ለለባሿ ገላ ፕላስቲኩን ይተዋል። የዲዛይነርን ሥራ የምመዝነው በዚህ ነው፤ መጀመሪያ ያሰበው ለማን ነው?

ወደ ልብስ ሰፊዎቻችን ልመለስ። ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ስፌት መኪኖች ዳርና ዳር ተደርድረው ይሠራሉ። አጠገብ ካለው ሱቅ ጨርቅ ይገዛሉ፣ ይለካሉ፣ አጭር ሥራ ከሆነ ቆመው ይረከባሉ። ለልክ የሚሰፋ ልብስ በአውሮፓ የሀብታም ነገር ነው፤ እዚህ የማንም ሰው ነው። ይህን ያህል ትልቅ ነገር በእጃችን ይዘን ቡቲክ ውስጥ ለማንም ልክ ያልተሰፋ ልብስ ስንገዛ ያሳዝነኛል። ትከሻው ይወርዳል፣ ወገቡ አይይዝም፣ እጅጌው ይረዝማል፤ መጨረሻ ላይ ለማስተካከል ወደዚያው ልብስ ሰፊ ይወሰዳል።

ልብስ ሰፊውም ጋ ቢሆን ነገሩ ተቀይሯል። ደንበኛ ስልኳን አውጥታ "ልክ እንደዚህ አድርገህ ስፋልኝ" ትላለች። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ረጅምና ቀጭን ናት፣ ብርሃኑ ተስተካክሎላታል፣ ቀሚሷ ከኋላ በመርፌ ተይዞ ይሆናል። ልብስ ሰፊው ያንን ለሌላ ቁመት፣ ለሌላ ዳሌ፣ ለሌላ ጨርቅ መቀየር አለበት። ይህ የዲዛይነር ሥራ ነው። ግን የሚከፈለው ለስፌት ብቻ ነው፤ ሐሳቡን የሚጠይቀውም የለም። ጥሩ ልብስ ሰፊ "ይኼ ጨርቅ ለዚህ ቅድ አይሆንም፣ ይሄ አንገት አንቺን አያምርብሽም" ይላል። አሁን ደንበኛ እንዲህ ያለውን ልብስ ሰፊ ትታው ወደሚቀጥለው ታልፋለች፤ ስለዚህ እሱም ዝም ብሎ መስፋት ለምዷል። በሌላ በኩል አንድ ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ልብስ ላይ ስሙን ለጥፎ ፎቶ ሲለጥፍ ዲዛይነር ይባላል። ማዕረጉ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ እንደ ፍቅርተ አዲስ ያሉት ከሸማኔ ጋር ተቀምጠው ጨርቁን ከክሩ ጀምረው ያስባሉ፤ ዲዛይነር የሚለው ስም የሚገባቸው ለዚህ ነው።

ወጣቶቹ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያማርርበትን ኦቨርሳይዝ ቲሸርትና ባጊ ሱሪ እኔ እደግፈዋለሁ። ከዐሥር ዓመት በፊት የድሬ ልጅ በዚያ ሙቀት እግሩ ላይ የተጣበቀ ስኪኒ ሱሪ ይለብስ ነበር፤ ያ ነበር የሚያስጨንቀው። ሰፊ የጥጥ ቲሸርት ለድሬ ተስማሚ ነው፤ ሐሳቡ ከሽርጥና ከድሪያ አይርቅም። የማልቀበለው ወፍራም ሁዲውን ነው። ሐረር ማታ ላይ ደስ ይላል፤ ድሬ አሸዋ ገበያ ውስጥ በቀትር ግን ለባሹን ብቻ ሳይሆን የሚያየውንም ያልባል።

ሰልቫጅ ስለሚባለው ያገለገለ ልብስ አንድ ነገር ልበል። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በኢትዮጵያ ክልክል ነው፤ ይሁንና ምሥራቁ ለድንበር ቅርብ ስለሆነ ቦንዳው በኮንትሮባንድ ይገባል። ለሀገር ውስጥ ልብስ አምራች ጉዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ዛሬ በከተማችን ጨርቅ በእጁ እየዳሰሰ፣ ስፌቱን ገልብጦ እያየ፣ የጥጡን መጠን ከውስጥ ምልክቱ ላይ እያነበበ የሚገዛ ሰው ካለ እሱ የሰልቫጅ ገዢው ነው። አዲስ ልብስ የሚሸጥልን ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ልጁ ክምሩ ውስጥ የሚፈልገው ርካሽ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሲታጠብ የማይበላሽ ጨርቅ ነው።

አባያም እንዲሁ ተለውጧል። የጣሊያኑ ፋሽን ቤት ዶልቼና ጋባና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2016 የአባያና የሂጃብ ስብስብ ሲያወጣ ዓለም እንደ አዲስ ነገር አወራለት፤ ድሬና ሐረር ላሉ ሴቶች ግን ገላን ሸፍኖ መዘነጥ የየዕለት ኑሮ ነው። ዛሬ ከዱባይ የሚመጣው አባያ ባለቀለም፣ ከፊት ክፍት፣ እጅጌው ሰፊ ሆኗል፤ ብዙውም ያምራል። ችግሩ አሁንም ጨርቁ ላይ ነው። ከራስ እስከ እግር የምትሸፍን ሴት ከማንም በላይ የሚተነፍስ ጨርቅ ያስፈልጋታል፤ የሚሸጥላት ግን ብዙ ጊዜ ጥቁር ፖሊስተር ነው። አንድ ዲዛይነር ለድሬ ሴት የሚሆን ቀላል የጥጥ አባያ ቢሠራ ከብዙ የፋሽን ትርኢት የበለጠ አገልግሎት ሰጠ እላለሁ።

ሐረር ላይ ደግሞ ደስ የሚል ነገር እየታየ ነው። የሹዋሊድ በዓል በታኅሣሥ 2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ የሐረሪ ልብስ በወጣቶች ላይ በርከት ብሎ ይታያል። ከረመዳን ቀጥሎ ስድስቱ የሸዋል ጾም ቀናት ሲያልቁ ጀጎል በቀለም ትሞላለች፤ ከውጭ አገር የሚመጡትም ለብሰው ይወጣሉ። እዚህም ግን ካሜራው እየገባ ነው። አንዳንዱ ልብስ የሚያምረው ለአንድ ቀን ቪዲዮ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ተጣጥፎ ለከርሞ ይቀመጣል። ገናፊው በአዘቦት ቀን ከቢሮ ሸሚዝ ጋር ለምን አይለበስም? ከላይ ላላ ብሎ ከታች የሚጠብ ሱሪ ዛሬ በየትኛውም ትልቅ ከተማ የሚፈለግ ቅድ ነው። የሐረሪ ሴቶች ከሣር በሚሰፉት ስፌት ላይ ያለው የቀለም አደራደር ለልብስ ጥለት ቢውል ስንት ዓይነት ሥራ በወጣው!

ይህን የሚያደርግ ዲዛይነር ግን ከማን እንደወሰደ መናገር አለበት። በሰኔ 2025 ፕራዳ ሚላን ላይ ያሳየው ነጠላ ጫማ ከሕንዱ የኮልሃፑር ጫማ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ምንጩን አልጠቀሰም ነበር። የሕንድ ጫማ ሠሪዎች ጮኹ፤ ኩባንያውም መነሻው የሕንድ የእጅ ሥራ መሆኑን አመነ። ሕንዶቹ ጩኸታቸው ክብደት ያገኘው በ2019 ጫማው የአካባቢው ምርት መሆኑን በሕግ አስመዝግበው ስለነበር ጭምር ነው። የሐረር የሣር ስፌትም እንዲህ ያለ መከታ ይገባዋል፤ ከሚላን ብቻ ሳይሆን ከራሳችን ከተሞች ዲዛይነሮችም ጭምር።

ለሰርግ አንድ ዓይነት ጨርቅ አስመርጦ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ማስገዛት እየበዛ መጥቷል፤ ለፎቶ ያምራል፣ ለኪስ ግን ከባድ ነው። ቢያንስ ጨርቁ ሌላ ቀን የሚለበስ ቢሆን።

አሁን ዋናው ጉድለት የችሎታ ሳይሆን የጨርቅ ነው። ልብስ ሰፊ አለን፤ ለባሽ አለን፤ ዓይን አለን። ስስና ሰፊ የጥጥ ጨርቅ ግን በሚቻል ዋጋ አይገኝም። ጥጥ ከድሬ ወደ ምዕራብ በአዋሽ ሸለቆ ይበቅላል። ድሬዳዋ ራሷ የጥጥ ጨርቅ የሚያመርት ስመ ጥር ፋብሪካ ነበራት። በ2022 የተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጠና እዚያው አለ። በእነዚህ መሐል ለድሪያና ለአባያ የሚሆን ቀጭን የጥጥ ጨርቅ በጣቃ ወደ መኪና ግርግርና ወደ ድሬው ቀፊራ ገበያ የሚያደርስ አንድ አምራች ቢገኝ ልብስ ሰፊዎቹ የቀረውን ያውቁበታል።

እስከዚያው ድረስ መሞከር የሚቻለው የሸማኔ እጅ ነው። ሸማኔ የሚሠራው ስስ ሸማ ይተነፍሳል፣ ላብ ይጠጣል፣ ሲታጠብ ይለሰልሳል። አንድ ችግር አለው። የእጅ መሸመኛ የሚያወጣው ጨርቅ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው፤ ድሪያ ደግሞ ስፋት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሸማ ጎን ለጎን መጋጠም አለበት። መጋጠሚያው ትከሻ ላይ ከዋለ ይከብዳል፣ መሐል ደረት ላይ ከወረደ ያስቀይማል፤ በሁለቱ ጎን ከክንድ በታች ቢወርድና ጠባብ ጥለት ቢሸፍነው ግን ስፌቱ ራሱ ጌጥ ይሆናል። ከሸማኔ ጋር ጥለቱ የት እንደሚጀምር ተስማምቶ፣ የጨርቁን ክብደት በእጁ መዝኖ፣ ያንን መስመር የሚያስምር ልብስ ሰፊ መኪና ግርግር ላይ ዛሬም ተቀምጧል።